ወርቅ ቅቡ ሳንቲም ስንት ያወጣል? ግልጽ ደብዳቤ ለማዕከላዊ ባንክ ኃላፊዎች

ይድረስ፦ በየአገሩ ገንዘብ ለማሳተምና ሳንቲም ለማስቀረጽ ሥልጣን ለተሰጣችሁ ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ በወርቅ የተለበጡ ሳንቲሞችን ሽያጭ ይመለከታል

ክቡራን ኃላፊዎች፣

ስለ አንድ ዓይነት ማስታወቂያ ነው የምጽፍላችሁ። እናንተም ሳታዩት አትቀሩም። የሚያብረቀርቅ ሳንቲም፣ ከፋይ የለበሰ ሣጥን፣ ማኅተም ያረፈበት የምስክር ወረቀት። ከሥሩ ሁለት ነገር ተጽፏል፦ «በ24 ካራት ወርቅ የተለበጠ» እና «ሕጋዊ ገንዘብ»። የሚያናድደው ሁለቱም እውነት ሊሆኑ መቻላቸው ነው። ውሸት ቢሆን ጉዳዩ የፖሊስ ነበር።

እስቲ መጀመሪያ ወርቁን እንመዝነው። ስፋቱ 24 ሚሊ ሜትር የሆነ ሳንቲም እንውሰድ። የማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ) አንድ አሥረኛ ውፍረት ያለው ወርቅ እንቀባው። ሁለቱ ፊትና ጠርዙ ተደምረው የሚይዙት ወርቅ 2 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። አንድ የወርቅ አውንስ ደግሞ 31.1 ግራም ነው። አንድ አውንስ ለማጠራቀም እንግዲህ 15 ሺህ ያህል ሳንቲም መፋቅ ሊኖርብን ነው። ድካሙና የአሲዱ ወጪ ወርቁን ይበልጠዋል። «24 ካራት» የሚለው ንጽሕናውን እንጂ መጠኑን አይነግረንም። ወርቁ ንጹሕ ነው፤ ብቻ የለም ማለት ይቀላል።

«ሕጋዊ ገንዘብ» የሚለውስ? ሕግ በላዩ በተጻፈው ዋጋ ዕዳ መክፈያ አድርጎ የሚያውቀው ማለት ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2008 በየግዛቶቿ ስም የ25 ሳንቲም ኮይኖች ቀርጻ ነበር። የግል ነጋዴዎች ገዝተው ወርቅ እየቀቡ ሸጧቸው። ተቀባም አልተቀባም፣ ያው 25 ሳንቲም ነው። ሳንቲም ሰብሳቢዎች እንዲያውም የተቀባውን እንደተበላሸ ነው የሚቆጥሩት። መንግሥት ያልቀረጸው፣ ዋጋ ያልተጻፈበት ሜዳሊያ ከሆነማ ጭራሽ ገንዘብ አይደለም።

ይህ ጨዋታ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1883 አሜሪካ «ኒኬል» የሚባለውን ኮይን፣ የ5 ሳንቲሙን፣ በአዲስ መልክ አወጣች። ጀርባው ላይ በትልቁ በሮማ ቁጥር አምስት አለ፤ «ሳንቲም» (በእንግሊዝኛው «ሴንትስ») የሚል ቃል ግን የለም። ስፋቱ 21.2 ሚሊ ሜትር ነው። እውነተኛው የ5 ዶላር ወርቅ 21.6 ነበር። ብልጣ ብልጦች ኒኬሉን ወርቅ ቀቡት፣ አንዳንዶቹም ጠርዙን እንደ ወርቁ በመስመር ሸነሸኑት፤ ከዚያ ዝም ብለው ባንኮኒ ላይ ማስቀመጥ ነው። ባለሱቁ የ5 ዶላር መስሎት መልስ ይቆጥርላቸዋል። በእጁ መዘን ቢያደርገው ይነቃ ነበር፤ ኒኬሉ 5 ግራም፣ ወርቁ ከ8 ግራም በላይ ነው። ግን ማን ይመዝናል? መፍትሔው ምን ሆነ መሰላችሁ? በዚያው ዓመት «ሳንቲም» የሚል ቃል ተቀረጸበት። በቃ።

የዛሬዎቹ ሻጮች እንደዚያ አይዋሹም። የሚሸውዱት እናንተ በሰጣችሁት ስም ነው። ደግሞ እናንተም ከደሙ ንጹሕ አይደላችሁም። 2015 የተጻፈበት የብሪታኒያ የ100 ፓውንድ የብር ሳንቲም ሕጋዊ ገንዘብ ተብሎ ወጣ፤ ሰዎች ባንክ ይዘውት ሲሄዱ ግን «አንቀበልም» ተባሉ። የዩሮ አገሮች ለሰብሳቢ ብለው የሚያወጡት ሳንቲምም ሕጋዊ የሚሆነው ባወጣው አገር ውስጥ ብቻ ነው። ይህን ስንቱ ገዢ ያውቃል? ለልጆቼ ቅርስ ይሆናል ብሎ የጡረታ ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው ሕጉን አንብቦ አይደለም የሚገዛው። መንግሥት ያለበት ነገር ስለመሰለው ነው።

ሽያጩን አግዱ አልልም። ለጌጥ የሚገዛ ይግዛ፤ ያምራል እኮ። የምጠይቀው ከ1883ቱ ቃል የማይከብድ ነገር ነው። ሻጩ በማስታወቂያው ላይ የወርቁን ክብደት በሚሊ ግራም ይጻፍ። «ሕጋዊ ገንዘብ» ካለ፣ በስንት ዋጋና በየትኛው አገር እንደሆነ እዚያው አጠገቡ፣ በዚያው የፊደል መጠን ያስቀምጥ። እናንተ ደግሞ ባንኮች የትኛውን እንደሚቀበሉ፣ የትኛውን እንደማይቀበሉ ለሕዝቡ በግልጽ አሳውቁ፤ ገንዘብ ቤት መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛም የሚመልሰውን ይወቅ።

መልሳችሁን እንደዚህ ደብዳቤ በይፋ ብታወጡት ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር