ማስታወቂያውን በፎቶ ብቻ አትለጥፉብን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጎንደር ማራኪ የምኖር ዓይነ ስውር አንባቢያችሁ ነኝ። ዜናዎቻችሁን በየቀኑ እከታተላለሁ። የማነበው በስክሪን ሪደር ነው፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ ይነግረኛል። አንድሮይድ ስልክ ላይ ቶክባክ፣ አይፎን ላይ ቮይስኦቨር አለ። ኮምፒውተር ላይ የምጠቀመው ኤንቪዲኤ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ማይክል ከራን የተባለ አውስትራሊያዊ ዓይነ ስውር የጀመረው ሶፍትዌር ነው፤ በነፃ ይወርዳል። አብሮት የሚመጣው ድምፅ አማርኛም ያነባል። የሚጠብቀውንና የሚላላውን ሁሌ አይለይም፤ ግን ጆሮ ይለምዳል።

የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው። የሥራ ማስታወቂያ ኮምፒውተር ላይ ይተየባል፣ ይታተማል፣ ማህተም ይመታበታል። ከዚያ ፎቶ ይነሳና ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል። ስልኬ «ፎቶ» ብሎ ያልፈዋል። በቅርቡ ለሙያዬ የሚሆን ክፍት ቦታ እንዲሁ ተለጥፎ ነበር። ጓደኛዬ ሲያነብልኝ ምዝገባው አልቋል። ፎቶን ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩ መተግበሪያዎች አሉ። ግን ቀንና ስልክ ቁጥር ላይ ከተሳሳቱ ምን ይጠቅማሉ?

ማህተሙ መታየት ካለበት ፎቶው ይቆይ። ጽሑፉ ግን አስቀድሞ ተተይቧል። ኮፒ አድርጎ ከፎቶው ሥር መለጠፍ የደቂቃ ሥራ ነው። በድሮዎቹ የግእዝ ፎንቶች የሚጻፉ ሰነዶችም ይብቁ። ለዓይን አማርኛ ናቸው፤ ኮምፒውተሩ የሚያገኘው ግን የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ነው፣ የሚያነብልኝም እሱኑ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮች በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት ኮድ ውስጥ) ከገባ እኮ ቆየ፤ እ.ኤ.አ. 1999 ነው።

ከእናንተም የምጠይቀው አለ። ርዕሶቻችሁን ጽሑፉን በማድመቅ ብቻ ሳይሆን በትክክለኛው የርዕስ ስታይል አስቀምጡልኝ። ያኔ «ኤች» ቁልፍን እየተጫንኩ ከዜና ወደ ዜና እዘላለሁ። አሁን ከላይ ጀምሬ ሁሉንም መስማት አለብኝ። ለፎቶዎችም አንድ መስመር መግለጫ ጨምሩ። ጥምቀት በፋሲለደስ መዋኛ እንዴት እንደዋለ ስታሳዩ ውሃው ዳር ማን እንደቆመ፣ ሕዝቡ ምን እንደለበሰ እኔም ልወቅ። የከተማዬ በዓል ነው።

ይህ የቸርነት ጉዳይ አይደለም። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 9 ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ መሆን ካለባቸው ነገሮች መካከል ኢንተርኔትን በስሙ ይጠራል። ማስታወቂያ የሚያመጡላችሁ መሥሪያ ቤቶችም ጽሑፉን በዎርድ ጭምር እንዲልኩ ጠይቋቸው። ከእኔ ይልቅ እናንተን ይሰማሉ።

አክባሪያችሁ፣
ከማራኪ፣ ጎንደር