ምስጋና ለካዛንቺስ እድርተኞችና ለወዳጅ ዘመዶቻችን

አባታችን ከዚህ ዓለም በሞት በተለዩ ጊዜ በአካል መጥታችሁ፣ በስልክ ደውላችሁ፣ በጸሎት አስባችሁ ላጽናናችሁን ሁሉ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈልልን። በየቤታችሁ ዞረን ማመስገን ስላልቻልን ይህችን ጽሑፍ ተቀበሉን።

የሲልቨር ስፕሪንግና የአሌክሳንድሪያ ወዳጆቼ፣ መርዶውን ከፌስቡክ እንዳላየው ሌሊቱን ተጠራርታችሁ ገና ሳይነጋ በሬን አንኳኳችሁ። እንጀራና ወጡን ይዛችሁ መጣችሁ፣ ቲኬቱን ቆረጣችሁ፣ ከደለስ አየር ማረፊያ እስክበር ድረስ አልተለያችሁኝም። አሜሪካ በሰዓት ለሚከፈለው ሰው ከሥራ መቅረት ምን እንደሆነ አውቃለሁና ውለታችሁ አይረሳኝም።

የእድራችን ግን በሁለት መስመር የሚያልቅ አይደለም።

አባታችን ሀብታም ነበሩ። እህል በረንዳ መጋዘን፣ ካዛንቺስ ውስጥ ደግሞ የሚያከራዩአቸው ቤቶች ነበሯቸው። ደጃችንን ያየ ሁሉ «የታደሉ ልጆች» ይለን ነበር። ከግቢው ውስጥ ያለውን የሚያውቅ ያውቀዋል። የጓዳው ቁልፍ አባታችን ወገብ ላይ ነበር የሚውለው፤ እናታችን ለእንግዳ ሻይ ለማፍላት እንኳ ስኳር ማስፈቀድ ነበረባት። ማታ የመኪናቸው ጥሩምባ በር ላይ ሲሰማ እኛ ልጆች መብራት አጥፍተን የተኛን እንመስላለን። ናዝሬት ሌላ ትዳርና ሌሎች ልጆች እንዳሏቸው አገር ያውቃል፣ እኛ ቤት ግን ስማቸው አይነሳም ነበር።

ስኳር በጆንያ ከሚገባበት ቤት ወጥተን፣ ዘበኛችን ከደመወዙ በገዛው ስኳር የጣፈጠ ሻይ እየጠጣን ነው ያደግነው። እሱ ዛሬ የለም፤ ልጁ ግን ለቅሶ መጥታ ስታቅፈኝ የአባቷን ነገር አንስቼ ሳልጨርስ አለቀስኩ። ከአጥሩ ጀርባ ተከራይተው ይኖሩ የነበሩት እናትም ውለታቸው ብዙ ነው። ቤታችን በጩኸት በሚናወጥበት ሌሊት ወስደው ከልጆቻቸው ጋር ያስተኙን ነበር። ጠዋት ስንመለስ ምን ሆናችሁ ብለው አይጠይቁም፤ ፊታችንን አጥበው ይልኩናል።

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የትርፍ ቤቱ አዋጅ ሲታወጅ የአባታችን ቤቶች ተወረሱ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች ዞሩ፤ የቀረልን የምንኖርበት ቤት ብቻ ነበር። አዋጁን ተከራዮቹ አላወጡትም። አባታችን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታቸውን ነፈጓቸው። የእድር መዋጯቸውን በየወሩ ይከፍላሉ፣ ለቅሶ ግን አይደርሱም፤ የቀሪ ቅጣቱንም ሳይከራከሩ ይከፍሉታል። ያው ከሰው ፊት ከመቆም ገንዘቡ ይቀልላቸው ነበር።

እኔ በ1974 በመተማ አድርጌ ወደ ሱዳን ወጣሁ። ገዳሪፍን፣ ካርቱምን አልፌ አሜሪካ ከገባሁ በኋላ እናቴ ስትሞት መምጣት አልቻልኩም። እሷንም በክብር የቀበራት ይኸው እድር ነው።

ካዛንቺስ በ2017 ፈርሳ ሰፈርተኛው ገላን ጉራና ሌላም ሌላም ቦታ ሲበተን፣ አባታችን ሲኤምሲ ወንድማችን ዘንድ ገቡ። እውነቱን ለመናገር፣ ሲሞቱ እድሩን የጠበቀ አልነበረም። ጠዋት አንድ አይሱዙ ድንኳኑን፣ አግዳሚውንና ብረት ድስቱን ጭኖ በር ላይ ቆመ። ካስማውን ሲመታ የነበረው ጎልማሳ ከተወረሱት የጓሮ ቤቶች በአንዱ የተወለደ ነው። ከዚያ ሁሉ ርቀት እንዴት መጣችሁ ብዬ ብጠይቀው «የእድርተኛ ለቅሶ ነዋ!» አለኝና ወደ ሥራው ተመለሰ። ሴቶቹ ንፍሮውን ቀቅለው፣ እስከ ሠልስት አብረውን አመሹ። አንድ ሰው እንኳ ያለፈውን አላነሳብንም።

የናዝሬት እህትና ወንድሞቻችን፣ እናንተን ምን ብለን እናመስግን? መጥታችሁ ከእኛ ጋር በአንድ አግዳሚ ተቀመጣችሁ። የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ የሁላችንም ስም አብሮ የተጠራው በዚያ ቀን ነው። ከመነበቡ በፊት የእኛም እናት ስም እንዲገባ አጥብቃ የጠየቀችው የናዝሬቷ ታላቅ እህታችን መሆኗን ብዙዎቻችሁ አታውቁምና እወቁልን።

ፍትሐቱን ያደረሳችሁ የቅዱስ ዑራኤል ካህናት፣ በሕመማቸው ጊዜ ሌት ተቀን ያስታመማችሁ ነርሶች፣ እድሜና ጤና ይስጥልን።

የአባታችን የእድር መዝገብ ወደ ታናሽ ወንድማችን ስም ዞሯል። ለቅሶ ሲኖር ራሱ ይመጣል፤ ከቀረ ቅጣቱን እጥፍ አድርጉበት ብሏል። አርባቸው ሲኤምሲ፣ እዚያው ቤት ይታሰባል። ከገላን ጉራ ለምትመጡ አውቶብስ ተከራይተናልና የታክሲ ሐሳብ አይግባችሁ።

ልጆቻቸው፣ ከአዲስ አበባ፣ ከናዝሬትና ከሜሪላንድ