ከቅዳሜው ቀረፃ በፊት

ሰላም ወገኖቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ለውጫሌው ውል ትዕይንት ያዘጋጀነው ወረቀት ደርቋል። በሻይ ነክረን፣ ጥላ ላይ አድርቀን፣ ጠርዙን በጣት አሻሽተን ነው ያስረጀነው። እጅግ ያምራል። ግን ትናንት ማታ ሳየው ደነገጥኩ። ውሉ የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም ነው። በትዕይንቱ ውስጥ ቀለሙ ገና እርጥብ ነው፤ ታዲያ ወረቀቱ ለምን ያረጃል? ቀድሜ ልነግራችሁ ይገባ ነበር፣ ይቅርታ። ያረጀውን ለሙዚየሙ ትዕይንት እናስቀምጠው። ለፊርማው ንጹሕ እንሥራ፤ አንድ አማርኛ፣ አንድ ጣልያንኛ። አንቀጽ 17ን የምትጽፉ ልጆች አደራ! ያ ሁሉ ጣጣ የመጣው ሁለቱ ጽሑፎች በዚያ አንቀጽ ላይ ስላልተስማሙ ነው። ካሜራው ደግሞ ፊደሉ ላይ ጠጋ ይላል።

የሚቃጠለው ድንኳን ሞዴል ከእውነተኛው በ4 እጥፍ ያንሳል። በተለመደው በሰከንድ 24 ፍሬም (ምስል) ከቀረፅነው ጭሱ ይጣደፋል፣ መጫወቻ መሆኑ ወዲያው ይነቃል። በሰከንድ 48 ፍሬም እንቅረፅና በ24 እናሳየው፤ ያኔ እሳቱ ዝግ ብሎ ክብደት ያገኛል። ውኃና አሸዋ አጠገቡ ይኑር።

አረንጓዴው መጋረጃ ፊት የምትቆሙ አረንጓዴ ልብስ እንዳትለብሱ፤ ኮምፒውተሩ አረንጓዴውን ሁሉ በሌላ ምስል ይተካዋል። ጥለቱንም እዩት፣ ባለፈው አንዲት ልጅ ትከሻዋ ላይ የጦሳ ተራራ ታየባት።

ደሴ ላይ ጠዋት ጉም ስለሚኖር 1 ሰዓት ላይ እንገናኝ፤ ጉሙን በኮምፒውተር ከመሥራት እውነተኛውን መቅረፅ ይሻለናል። ጃኬት ያዙ። አብሽሩ!