«ጠንከር ያለውን ስጪኝ» ለሚሉኝ ሁሉ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እትማችሁ የጤና ገጽ ላይ መድኃኒት ስለተላመዱ ባክቴሪያዎች የወጣውን ጽሑፍ ሥራ ቦታዬ ሆኜ አነበብኩት። ጉዳዩን ማንሳታችሁ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። መደምደሚያው ግን አልተዋጠልኝም። ጸሐፊው መፍትሔው ከአሁኖቹ የበለጠ ኃይለኛ መድኃኒት ማስገባት ነው ባይ ናቸው። እኔ ፒያሳ በሚገኝ ፋርማሲ የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ይህንኑ ሐሳብ ከባንኮኒው ማዶ በየቀኑ ስለምሰማው ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

እኛ ጋ ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ወጣት አፍንጫውን እየጠረገ ይገባል። «እህቴ፣ አሞክሳሲሊን አንድ ስትሪፕ ስጪኝ» ይላል። ማዘዣ አለህ ወይ ስለው የለውም። የያዘው ጉንፋን እንደሆነ፣ ጉንፋን ደግሞ በቫይረስ እንደሚመጣ፣ አሞክሳሲሊን ደግሞ አንቲባዮቲክ ስለሆነ ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን እንደማይነካ እነግረዋለሁ። ትንሽ ያስብና «እሺ፣ እሱ ካልቻለው ጠንከር ያለውን ስጪኛ!» ይለኛል። ክፋት የለበትም። ነገ ሥራ መግባት አለበት፤ ቶሎ መዳን ይፈልጋል። ግን አሞክሳሲሊኑን መቶ እጥፍ ብናደርገውም ለቫይረሱ ያው ነው።

ምክንያቱን ላስረዳ። አሞክሳሲሊንም አምፒሲሊንም የፔኒሲሊን ዘመዶች ናቸው። የሚመቱት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የባክቴሪያውን ግድግዳ። ባክቴሪያ ውስጡ ከፍተኛ ግፊት አለ። እንዳይፈነዳ የያዘው በዙሪያው ያለው ግድግዳ ነው። ሲያድግና ለሁለት ሲከፈል ግድግዳውን እየፈታ እንደገና መግጠም አለበት። መድኃኒቱ የሚገባው ያኔ ነው። የሚገጥመውን ኢንዛይም ይዞ ያስቀረዋል። ግድግዳው ሳይዘጋ ይቀራል፤ ባክቴሪያውም በገዛ ግፊቱ ይፈነዳል። የሰው ሕዋስ እንዲህ ያለ ግድግዳ ስለሌለው የኛን ሕዋስ እንዲህ አያፈነዳም። ቫይረስም ግድግዳ የለውም፤ ስለዚህ መድኃኒቱ የሚይዘው ነገር አያገኝም።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። መድኃኒቱ ከራሱ ያመጣው ጉልበት ትንሽ ነው። የሚያፈነዳው የባክቴሪያው የራሱ ግፊት ነው። የሚያስፈራን በፍጥነት መራባቱ ነው፤ ለመድኃኒቱ የሚያጋልጠውም ይኸው ፍጥነቱ ነው። ሳይራባ ተኝቶ የሚቆየውን ባክቴሪያ ፔኒሲሊን ብዙም አያገኘውም።

ይህን ባሰብኩ ቁጥር የሚመጣልኝ መቀሌ ነው። ፒያሳ ላይ አሁን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ቆሟል፤ ሰው ሲጎበኝ እየዋለ አንዳንዱ ወደ እኛም ጎራ ይላል። ስለ ዓድዋ ያወራል። ከዓድዋ በፊት የሆነውን ግን ብዙዎቻችን እንዘለዋለን። ጣሊያኖች መቀሌ እንዳ ኢየሱስ ላይ ምሽግ ነበራቸው። አዛዡ ሻለቃ ጋሊያኖ ነበር። ቦታው ከፍታ ነው፣ መድፍ አለው፣ ዙሪያው ታጥሯል። የኛ ሰዎች በጀግንነት ወጡበት፤ ብዙ ሰው አለቀ። ምሽጉ ንቅንቅ አላለም። ውሃው ግን ከምሽጉ ውጭ ነበር። በእቴጌ ጣይቱ ምክር ምንጩ ተያዘ። ከዚያ በኋላ መድፉም እንዳለ ነው፣ ግንቡም እንዳለ ነው፤ ውስጥ ያለው ወታደር ግን ተጠማ። በጥር 1888 ዓ.ም. ጋሊያኖ ምሽጉን ለቆ ወጣ። ያ ሁሉ አጥር የተሠራው ሰው እንዳይገባ ነው። ውሃ ለመቅዳት መውጣት ሲያስፈልግ ያው አጥር እስር ቤት ሆነባቸው።

ዓድዋ ላይ ደግሞ የኛም ድክመት ነበረ። ብዛታችን ኃይላችን ነበር እንላለን፤ እውነት ነው። መቶ ሺህ የሚጠጋ ጦር ግን መብላት አለበት። የካቲት ሲጋመስ ስንቁ እያለቀ ነበር። የጣሊያኑ ጦር አዛዥ ጄኔራል ባራቲየሪ ጥቂት ቀን ቢታገሥ ኖሮ አፄ ምኒልክ ጦሩን ይዘው ለመመለስ ይገደዱ ነበር። እሱ ግን ከሮም በጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ ቴሌግራም ይወተወት ነበር። ሌሊቱን ጦሩን ከፋፍሎ አንቀሳቀሰ። ጄኔራል አልቤርቶኔ የያዘው ንድፍ ካርታ ኪዳነ ምሕረት የሚባለውን ኮረብታ ያለ ቦታው ስላስቀመጠው ከሌሎቹ ተነጥሎ ርቆ ሄደ። የካቲት 23 ጠዋት የኛ ጦር የገጠመው አንድ ላይ የቆመ የጣሊያን ጦር አልነበረም። እርስ በርስ መረዳዳት ያልቻሉ ክፍሎችን ነው ያገኘው። ይህን ስል የአባቶቻችንን ደም ማሳነሴ አይደለም። ክፍተቱ ሲገኝ በዚያ የሚገባ ጀግና ባይኖር ክፍተቱ ብቻውን ምንም አይሠራም ነበር። መቀሌ ምሽግ ላይ የወደቁትም ግን እንደ ዓድዋዎቹ ጀግኖች ነበሩ። ልዩነቱ የተመታው ቦታ ነው።

ነገሩን በዚህ መልክ ማየት የለመድኩት ከአባቴ ነው። አባቴ በጃንሆይ ጊዜ የጦር ሠራዊት ሬዲዮ ኦፕሬተር ነበሩ። ልጆች ሳለን ማታ ማታ ምሥጢር ጽሑፍ እየጻፉ ያስፈቱን ነበር። እያንዳንዱን ፊደል በቁጥር ይተኩታል። ከ200 በላይ ፊደል ስላለን ሲያዩት የማይፈታ ይመስላል። እሳቸው ግን «ከመጨረሻው ጀምሩ» ይሉን ነበር። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ነው የሚያመጣው። ስለዚህ ከአራት ነጥብ በፊት «ው»፣ «ል»፣ «ም»፣ «ች» ይመላለሳሉ። «ነው» ከተገኘ ሁለት ፊደል ተያዘ ማለት ነው። ቀጥሎ ቃል መነሻ ላይ «የ» እና «በ» ይታደናሉ። ደብዳቤ ከሆነማ በቃ፣ አለቀለት! ሰው ሁሉ «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ብሎ ነበር የሚጀምረው። በዚያች ሰላምታ ብቻ ከደርዘን በላይ ፊደል እጃችን ይገባል። ፊደልን በድግግሞሹ እየቆጠሩ ምሥጢር መፍታት ራሱ የቆየ ጥበብ ነው፤ የባግዳዱ ሊቅ አል-ኪንዲ ከ1,100 ዓመት በፊት ጽፎበታል።

አባቴ ጡረታ ከወጡ በኋላ ጀርመኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መልእክታቸውን ይቆልፉበት ስለነበረው ማሽን፣ ስለ ኢኒግማ፣ ያገኙትን ሁሉ ያነቡ ነበር። ያ ማሽን የሚስተካከልበት መንገድ ከ158 ቢሊዮን ቢሊዮን በላይ ነው። አንድ በአንድ ልሞክር የሚል ሰው ዕድሜ ልኩን አይጨርሰውም። የተፈታው ግን በሌላ በኩል ነው። ማሽኑ ውስጥ ኤሌክትሪኩን በመጣበት አቅጣጫ የሚመልስ ክፍል ነበር። በእሱ ምክንያት መልእክቱን የቆለፈው አስተካከል ለመፍታትም ያገለግላል፤ ጦር ሜዳ ላይ ላለ ወታደር በጣም ምቹ ነው። በዚያው ምክንያት ግን አንድ ፊደል ራሱን ሆኖ ሊወጣ አይችልም። «ኤ» ሲጫኑ «ኤ» በጭራሽ አይወጣም።

ይህቺ ትንሽ ነገር ምን ትሠራለች? ጀርመኖቹ የአየር ጠባይ ዘገባ በየቀኑ በተለመደ አጻጻፍ ይልኩ ነበር። የእንግሊዝ ምሥጢር ፈቺዎች ዘገባው ውስጥ ይኖራል ብለው የገመቱትን ቃል ከተቆለፈው መልእክት ሥር ያስቀምጡና ወደ ጎን ያንሸራትቱታል። አንድ ፊደል እንኳ ከላዩ ካለው ጋር ከተመሳሰለ ቦታው ያ አይደለም፤ ያልፉታል። እንዲህ እያሉ አጥበው አጥበው ለማሽን ሥራ ያደርሱታል። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1932፣ ፖላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ማሪያን ሬየቭስኪ የገባበት ቀዳዳ ደግሞ ሌላ ነው። ጀርመኖቹ የመልእክቱን ቁልፍ፣ በሬዲዮ መንገድ ላይ እንዳይበላሽ ብለው፣ መጀመሪያ ላይ ሁለት ጊዜ ደግመው ይልኩት ነበር። ያጋለጣቸው ጥንቃቄያቸው ነው።

ለጸሐፊው የምመልሰው ዋናው ነገር ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። እንግሊዞች ምሥጢሩን ከፈቱ በኋላ ያነበቡትን ሁሉ እንዳሻቸው አልተጠቀሙበትም። ሜዲትራኒያን ላይ የጠላት መርከብ የት እንደምታልፍ ያውቃሉ። ከመምታታቸው በፊት ግን ቃኚ አውሮፕላን ይልካሉ፤ መርከቧ አውሮፕላኑን እንድታየው ነው። ጠላት «በአውሮፕላን ተገኘሁ» ብሎ እንዲያስብ። ምሥጢሩ መፈታቱ ከታወቀ አሠራሩ ይለወጣላ! ያኔ የዓመታት ድካም ገደል ገባ ማለት ነው።

ባክቴሪያም ይለወጣል። ማሰብ አያስፈልገውም፤ ብዛቱ ይበቃዋል። ከሚሊዮኖቹ መሐል መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ጥቂቶች ይኖራሉ። ያለ ምክንያት በተዋጠ ቁጥር፣ ከመጠኑ ባነሰ ቁጥር፣ ሌሎቹ ያልቁና ለእነሱ ቦታ ይለቀቅላቸዋል። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 ኖቤል ሲቀበል ባደረገው ንግግር ይህንኑ አስጠንቅቋል። ፔኒሲሊንን የሚያፈርሰው የባክቴሪያ ኢንዛይም ደግሞ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1940 ነው፤ መድኃኒቱ ለሕዝብ ገና ሳይዳረስ።

ፋርማሲ ውስጥ «ጠንከር ያለው» እየተባለ የሚጠየቀው ኦግመንቲን የዚያ ታሪክ ልጅ ነው። ሰው ጥንካሬው ከአሞክሳሲሊኑ የመጣ ይመስለዋል። አይደለም። ኦግመንቲን ውስጥ ያለው ያው አሞክሳሲሊን ነው፤ የተጨመረው ክላቩላኒክ አሲድ ነው። ክላቩላኒክ አሲድ ብቻውን ባክቴሪያ ለመግደል በጣም ደካማ ነው። ሥራው ከፊት ቀድሞ መበላት ነው። የባክቴሪያው ኢንዛይም ይይዘዋል፣ ከያዘው በኋላ መላቀቅ ያቅተዋል፣ አሞክሳሲሊኑ በሰላም ያልፋል። እኔ በሙያዬ ካየኋቸው ነገሮች ሁሉ እንደዚህ የሚያስደንቀኝ የለም። ጉንፋን ላለበት ሰው ግን ይህም ምንም አይሠራም።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አንቲባዮቲኮችን በሦስት ይመድባል። አሞክሳሲሊን በቅርብ መገኘት ካለባቸው መሐል ነው። አዚትሮማይሲንና ሴፍትሪያክሰን በጥንቃቄ ከሚሰጡት ናቸው። ኮሊስቲን ደግሞ መጠባበቂያ ነው። ኮሊስቲን አዲስ ተአምር እንዳይመስላችሁ። ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የነበረ፣ ኩላሊት ስለሚጎዳ ወደ ጎን የተተወ መድኃኒት ነው። ዛሬ የመጨረሻ ተስፋ የሆነው ለሰው ሕክምና ብዙ ስላልተነካ ነው። እሱንም እንደ አሞክሳሲሊኑ ብንረጨው የሚቀጥለው የለንም። ለዚህ ነው ኃይለኛው ይግባልን የሚለው ሐሳብ የሚያሳስበኝ። ይግባ፤ ግን ከገባ በኋላ ማን ይጠብቀዋል?

ኃይል የሚለይ ዓይን ሳይኖረው ምን እንደሚያደርግ ደግሞ እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ እናውቃለን። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ከአውሮፕላን የመርዝ ጋዝ አርከፈከፈችብን። ጃንሆይ ሰኔ 23 ቀን ጄኔቫ ላይ ቆመው ለዓለም ተናገሩ። የዚያ የሰናፍጭ ጋዝ የቅርብ ዘመድ የሆነው ናይትሮጅን መስታርድ እ.ኤ.አ. በ1942 አሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለካንሰር በሽተኛ ተሰጠ። የዛሬው ኬሞቴራፒ ጅምር አንዱ እሱ ነው። የሚያጠቃው በፍጥነት የሚከፋፈል ሕዋስን ነው፤ ካንሰሩ ደካማ የሚሆነው እዚያ ላይ ነው። ችግሩ ያ ድክመት የኛም መሆኑ ነው። የፀጉር ሥር፣ የአንጀት ሽፋን፣ ደም የሚሠራው መቅኔ ሁሉ በፍጥነት ይከፋፈላል። ልጆቻቸውን ለካንሰር በኬሞቴራፒ የሚያሳክሙ እናቶች ቴርሞሜትር ሊገዙ ወደ እኔ ይመጣሉ። አነባበቡን እያሳየሁ 38 ከደረሰ ለነገ ሳትሉ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሐኪማችሁ ሩጡ እላቸዋለሁ። ነጭ የደም ሕዋስ በወረደበት ጊዜ ትንሽ ኢንፌክሽን ልጁን ሊወስደው ይችላል። ያኔ ልጁን የሚያድነው ያው አንቲባዮቲክ ነው። እኛ ለጉንፋን የምንጨርሰው።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉን አንድ ነገር እለምናለሁ። ያንን የሦስት ምድብ ዝርዝር፣ በአማርኛ፣ በትልልቅ ፊደል፣ የጤና ገጻችሁ ላይ አትሙልን። ጽሑፉን እኔ ላዘጋጅ እችላለሁ፤ ክፍያ አልጠይቅም። ገጹን ቆርጬ ባንኮኒው ላይ ከመስታወቱ ሥር አደርገዋለሁ። «ጠንከር ያለውን» ለሚለኝ ሰው በጣቴ እየጠቆምኩ የማስረዳበት ነገር በእጅጉ ቸግሮኛል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ፋርማሲስቷ፣ ከፒያሳ
አዲስ አበባ