የተመዘገበው የጋዚያንቴፕ ስም ነው፤ ባቅላቫ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በቅርቡ፣ ከድርብርብ ስስ ሊጥ ተሠርቶ ሽሮፕ የሚጠጣው ባቅላቫ የማን ነው በሚለው የቱርክና የግሪክ ሙግት ላይ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሆነን አንብበነዋል። ደስ የሚል ጽሑፍ ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን «ባቅላቫ የቱርክ መሆኑን የአውሮፓ ኅብረት አረጋግጧል» ይላል። ይህ ትክክል አይደለም። ዝም ብዬ ላልፈው ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ደንበኞቻችን ይህንኑ እየጠቀሱ ሲከራከሩ ሰማሁ። «ጋዜጣ ላይ ወጥቷል» ከተባለ በኋላ ነገሩን ማስተባበል ከባድ ነው።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ኬክ ቤት ባቅላቫ እሠራለሁ። ሙያውን የተማርኩት ዱባይ፣ በአንድ ሆቴል የጣፋጭ ክፍል ተቀጥሬ ነው። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የአውሮፓ ኅብረት ከአንድ ቦታ ጋር የተያያዙ የምግብ ስሞችን የሚጠብቅበት መዝገብ አለው። በታኅሣሥ 2013 የመዘገበው «አንቴፕ ባቅላቫሲ» ወይም «ጋዚያንቴፕ ባቅላቫሲ» የሚለውን ስም ነው፤ የቱርኳ ከተማ የጋዚያንቴፕ ባቅላቫ ማለት ነው። ከቱርክ ምርቶች በዚህ መዝገብ የገባ የመጀመሪያው ነው፤ ቱርኮች ቢኮሩበት አይፈረድባቸውም። መዝገቡ ግን ስለ መላው ባቅላቫ አንዲት ቃል አይናገርም። የሚለው ይህን ነው፦ በዚህ ስም የሚሸጥ ባቅላቫ ጋዚያንቴፕ አካባቢ፣ በዚያው አገር ወግ የተሠራ መሆን አለበት። ፒስታሽዮው ሙሉ በሙሉ ሳይበስል፣ ገና አረንጓዴ ሳለ የተለቀመ ይሁን። ቅቤው የተነጠረ ይሁን። በሊጡ ድርብርብ መሀል ከወተትና ከሰሞሊና (ሻካራ የስንዴ ዱቄት) የተሠራ ስስ ክሬም ይግባ። አቴንስ ያለ ጋጋሪ ነገ ጠዋት ባቅላቫ ሠርቶ «ባቅላቫ» ብሎ ቢሸጥ ማንም ምንም አይለውም። «የጋዚያንቴፕ» ካለ ግን ይጠየቃል። «የጋዚያንቴፕ ዓይነት» ብሎ መሸፋፈንም አይቻልም።

ልዩነቱ ቀላል ይመስላል። ሰው የሚጣላው ግን እዚህ ላይ ነው። በ2006 የአውሮፓ ቀን ሲከበር እያንዳንዱ የኅብረቱ አባል አገር በአንድ ጣፋጭ ተወክሎ ነበር። ለቆጵሮስ የተሰጠው ባቅላቫ ሆነ። የቱርክ ባቅላቫ ሠሪዎች ኢስታንቡል ላይ አደባባይ ወጥተው ተቃወሙ። በዓመቱ ደግሞ ኅብረቱ የቆጵሮሷን የጌሮስኪፑን ከተማ ሉኩሚ መዘገበ፤ እኛ አገር አንዳንድ ሱቅ «የቱርክ ከረሜላ» እየተባለ የሚሸጠው፣ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት ለስላሳ ጣፋጭ ማለት ነው። ያኔም ቱርክ ውስጥ «ሎኩማችን ተሰረቀ» ተባለ፤ ሎኩም የዚሁ ጣፋጭ የቱርክኛ ስም ነው። የተመዘገበው ግን የአንዲት ከተማ ስም ነበር። ቆጵሮስ ከ1974 ጀምሮ ለሁለት የተከፈለች ደሴት ናት። እዚያ ስለ ጣፋጭ የሚነሳ ሁሉ የቆየ ቁስል ይነካል። ይህ ይገባኛል። ሆኖም ቁስሉ ስላለ መዝገቡ ያላለውን ብሏል ማለት አይቻልም።

አሁን ወደ ማውቀው ልመለስ። ዱባይ የሠራሁበት ክፍል ዋናው ባለሙያ የጋዚያንቴፕ ሰው ነበር። ሁላችንም «ኡስታ» ነበር የምንለው። ምክትሉ የሐላብ (አሌፖ) ልጅ ነው፣ ሶርያዊ። ለፋሲካ ሰሞን ግሪኮችና ቆጵሮሳውያን ደንበኞች ስለሚበዙ አንዲት ግሪካዊት ባለሙያም ከሌላ ክፍል ትመጣልን ነበር። ባቅላቫን ሦስቱም ይሠራሉ። ሦስቱም ግን አንድ ነገር አይሠሩም።

ኡስታ ሊጡን በትንንሹ ያድቦለብላል። እያንዳንዱን ድቡልቡል በጥቂቱ ይዳምጥና የስንዴ ስታርች ነስንሶ አንዱን በአንዱ ላይ ይደርባል። ከዚያ ድርብርቡን በአንድነት በቀጭኑ ረጅም መዳመጫ መዳመጥ ይጀምራል። እጁ አይጫንም፤ ከመሀል ወደ ዳር እየተንሸራተተ ይሄዳል። መዳመጫው ላይ ይጠቀልለዋል፣ ይፈታዋል፣ ያዞረዋል፣ እንደገና ስታርች። መጨረሻ ላይ አንዱን ሉህ ብቻውን ሲያነሳው ከሥሩ ያለው የእብነ በረዱ መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንድ ቦታ ከተቀደደ አይጥለውም፤ ከመሀል ያገባዋል። የላይኛውና የታችኛው ግን እንከን ሊኖርበት አይገባም። ትሪው ከምድጃ እንደወጣ ትኩስ ሽሮፕ ያፈስበታል። ሲንጨረጨር ጎንበስ ብሎ ያዳምጣል። ድምፁ ካልጣመው «ሽሮፑ ቀጥኗል» ወይም «ቅቤው ውሃ አለው» ይላል። ቀምሼ ሳየው ትክክል ነው።

የሐላቡ ልጅ ሽሮፑን አቀዝቅዞ ነው የሚያፈሰው። የብርቱካን አበባ ውሃ ጠብ ያደርግበታል። ኡስታ ይህን አይወድም፤ «ቅቤውን ይሸፍንብኛል» ይላል። ግሪካዊቷ ደግሞ ዋልነት ከቀረፋና ከቅርንፉድ ጋር ትወቅጣለች፣ ሽሮፑ ውስጥ ማር ትጨምራለች። ለፋሲካ ከሆነ ሊጡን 33 ድርብ ታደርገዋለች፤ በጌታ ዕድሜ ልክ ነው አለችኝ። ኦርቶዶክስ ስለሆንኩ ይህን ስትነግረኝ ልቤ ደስ አለው። እሷም የእኛ የሁዳዴ ጾም ቅቤና ወተት እንደማይነካ ስነግራት ተደነቀች።

እነዚህ ሰዎች ስለ ሽሮፕ ሙቀት ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ፣ ያውም ጠንክረው። «የኔ አገር ፈጠረው፣ ያንተ ሰረቀው» ሲባባሉ ግን አልሰማሁም። ሐላብና ጋዚያንቴፕ መሀል ያለው መንገድ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በኦቶማን ዘመን ጋዚያንቴፕ፣ ያኔ አይንታብ ትባል ነበር፣ የሐላብ ጠቅላይ ግዛት አካል ነበረች። ድንበሩ የመጣው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ፒስታሽዮው፣ ቅቤውና ጋጋሪው ከድንበሩ በፊት ነበሩ። ጋዚያንቴፕ ውስጥ በባቅላቫ ከታወቁት የቆዩ ቤተሰቦች አንዱ ራሱ «አያታችን ለሐጅ ሲመላለስ ደማስቆ ቆይቶ ሙያውን ይዞ መጣ» ይላል። የሶርያ ጦርነት ሲመጣ ደግሞ ብዙ የሐላብ ጋጋሪዎች ወደዚያችው ከተማ ተሰደዱ። ይህን ሁሉ አውቆ «ባቅላቫ የእኔ ብቻ ነው» ማለት የሚችል ሰው አላገኘሁም።

ታሪኩን ወደኋላ ብንጎትተውም አንድ ባለቤት አይወጣውም። ሮማዊው ካቶ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት በጻፈው የእርሻ መጽሐፍ ሊጥን በአይብና በማር እየደረቡ መጋገርን ያስተምራል። በ10ኛው መቶ ዓመት የተጻፈ የባግዳድ የምግብ መጽሐፍ ደግሞ ለውዘኒጅ የሚባል፣ በጣም ስስ ሊጥ ውስጥ የተጠቀለለ፣ ሽሮፕ የጠጣ የአልሞንድ ጣፋጭ አለው። ሁለቱም ዛሬ የምንበላው ባቅላቫ አይደሉም። ባቅላቫ በስሙ ከተጠቀሰባቸው ጥንታዊ የኦቶማን ሰነዶች አንዱ በ1473 የተጻፈ የቤተ መንግሥቱ የወጥ ቤት መዝገብ ነው። ኋላም በየዓመቱ በረመዳን 15ኛው ቀን ሱልጣኑ ጃኒሳሪ ለሚባሉት ምርጥ ወታደሮቹ ባቅላቫ ያድል ነበር፤ ለዐሥር ሰው አንድ ትሪ። ወታደሮቹ ትሪውን ተሸክመው በሰልፍ ይወጣሉ። ይህ የቆመው ጦሩ በ1826 ሲበተን ነው።

ስለዚህ ሐሳቤን በግልጽ ልናገር። ሊጡን ቅጠል አሳክሎ የማሳሳቱ ጥበብ አሁን ወዳለበት ደረጃ የደረሰው በኦቶማን ወጥ ቤቶች ነው ብዬ አምናለሁ። በዚህ ቱርኮች የሚሉት እውነት አለው። ነገር ግን በዚያ ግዛት ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ዐረቡም፣ ቱርኩም አብሮ ይኖር፣ አብሮ ይጋግር ነበር። ዛሬ ያሉት አገሮች የዚያ ወጥ ቤት ወራሾች ናቸው፣ ሁሉም።

እኛም ከዚህ የራቅን አይደለንም። ሐረር ጀጎል ውስጥ በረመዳን የሚበላው ሙሸበክ የተባለ ጣፋጭ የመንና ግብፅም አለ። ታዲያ የሐረሩ የሐረር መሆኑ ቀረ? አልቀረም። በሌላ በኩል ስም ሲወሰድ ዝም ማለት አለብን አልልም። ኢትዮጵያ በ2005 ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን የቡና ስሞች አሜሪካ ለማስመዝገብ ስታመለክት፣ በ2007ም ከስታርባክስ ጋር ስትስማማ፣ ልክ ነበረች። ይርጋጨፌ ቦታ ነው፣ ገበሬ አለው። ቡና መጠጣትን ግን ለማንም አልከለከለችም። የኔዘርላንዱ ኩባንያ የጤፍ ዱቄት ፓተንት ሌላ ነገር ነው። እሱ «ከእኔ ፈቃድ ውጪ አትሥሩ» የሚል ነበር። በ2018 መጨረሻ ሄግ የሚገኘው ፍርድ ቤት ፓተንቱን ዋጋ ሲያሳጣው የተደሰትነው ለዚህ ነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች ካቀላቀልን ነገ የራሳችንን ጉዳይም መከራከር አንችልም።

በነገራችን ላይ ቆጵሮስ በአይቧ መላ አግኝታለች። በ2021 የተመዘገበው አይብ በግሪክኛ ሃሉሚ፣ በቱርክኛ ሄሊም ተብሎ ነው። ሁለቱም ስም አንድ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በሁለቱም ወገን ያሉ የደሴቲቱ ሰዎች ሊሠሩት ይችላሉ። ጋዜጣችሁ ስለዚህ ቢጽፍ በጣም ደስ ይለኛል።

ከተማችንን በተመለከተ የሚያናድደኝ ሌላ ነው። አሁን አንዳንድ ቤት «ኦሪጅናል የጋዚያንቴፕ ባቅላቫ» የሚል ማስታወቂያ ይለጠፋል። ውስጡ ሲከፈት ለውዝ ነው። ያውም አረንጓዴ የምግብ ቀለም የተቀባ ለውዝ። ፒስታሽዮ እዚህ እሳት ነው፤ ሁሉም ሰው ሊገዛው አይችልም፣ ይገባኛል። የለውዝ ባቅላቫ ነውር የለበትም። እኔ ራሴ በብዛት የምሠራው እሱን ነው። ለውዙን ቆልቼ፣ ልጣጩን አበራይቼ፣ በደንብ ሳልፈጨው እጨምራለሁ። ቅቤውን ያለ ኮረሪማና ያለ ኮሰረት አነጥራለሁ። ጥሩ ይወጣል፣ ሰው ይወደዋል። የምንሸጠው ግን «የለውዝ ባቅላቫ» ብለን ነው። የጋዚያንቴፕን ስም ሐሰት ላይ የሚለጥፍ ሰው የሚጎዳው ሁለት ሰው ነው፦ እዚያ አረንጓዴውን ፒስታሽዮ የሚለቅመውን ገበሬና እዚህ ገንዘቡን የሚከፍለውን ደንበኛ። ጋዚያንቴፕ በየካቲት 2023ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ክፉኛ የተጎዳች ከተማ ናት። ስሟ ሊከበርላት ይገባል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። ጽሑፉ በወጣበት ገጽ ላይ፣ በ2013 የተመዘገበው የጋዚያንቴፕ ባቅላቫ እንጂ ባቅላቫ በሙሉ እንዳልሆነ የሚገልጽ አጭር እርማት አውጡልን። ከቻላችሁም አንድ ጋዜጠኛ ላኩና በየኬክ ቤቱ የተለጠፈውን ስምና ትሪው ውስጥ ያለውን ያመሳክር። እኛ ጋ ሊጥ የሚዳመጠው ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ነው፤ በሩ ክፍት ነው።

ከአክብሮት ጋር
የባቅላቫ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ