እታለምን ላስታመማችሁልን፣ ለቀበራችሁልን ሁሉ

አያታችን እታለም በመጋቢት 2017 አረፈች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አርባዋ እስኪወጣ ድረስ ቤታችን ከሰው ተለይቶ አያውቅም። ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ ደሴ ያላችሁ፣ ከአዲስ አበባና ከባሕር ዳር ሌሊት ተጉዛችሁ ለቀብር የደረሳችሁ፣ ከውጭ አገር እየደወላችሁ አብራችሁን ያለቀሳችሁ፣ ሁላችሁንም በየቤታችሁ ዞረን ማመስገን ይገባን ነበር። ብዙ ናችሁና አልቻልንም። በቤተሰቡ ስም ይህን እንድጽፍ እኔ ታዘዝኩ።

ከእናንተ ብዙዎቹ ለእኛ ብላችሁ መጣችሁ እንጂ እሷን አታውቋትም። ማንን እንደሸኛችሁ ትንሽ ልንገራችሁ።

እታለም ዘጠና ዓመት አልፏት ነበር። የተወለደችበትን ቀን የጻፈው የለም። ዕድሜዋን የምንቆጥረው በጣልያን ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣልያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ሲደበድቡ፣ ጃንሆይም እዚያው ደሴ ሳሉ፣ እናቷ አዝላት ወደ ጦሳ ጋራ ሮጣለች። ገና ጡት አልጣለችም ነበር ይላሉ።

አባቷ ድንጋይ ጠራቢ ነበር። ከኮምቦልቻ ወደ አሰብ የሚወስደው መንገድ ሲሠራ ከሚስዮን አባቶች ጋር ተዋወቀና ቤተሰቡን ይዞ ካቶሊክ ሆነ። ያኔ ደሴ በቤተክርስቲያኗ ትልቅ ቦታ ነበራት። በ1929 ሮም ራሱን የቻለ ሐዋርያዊ አስተዳደር አቋቁማባት ነበር። ጣልያን ሲወጣ ግን ነገሩ ቀዘቀዘ፤ በ1944 አስተዳደሩ ተዘግቶ ወደ አዲስ አበባ ተጠቃለለ። የቀሩት ምእመናን ጥቂት ነበሩ። የእታለም ቤት ከቀሩት አንዱ ነው።

በልጅነቷ ሰፈር ውስጥ «የጣልያን ሃይማኖት» የሚሏት ነበሩ። ተቆጥታ አይቻት አላውቅም። «አባ ገብረሚካኤል እኮ የጎጃም ሰው ነው፤ ጣልያን ምን አገባው?» ትላለች። ብፁዕ አባ ገብረሚካኤል በ1847 በእስር ላይ እንዳሉ ለእምነታቸው የሞቱ የግዕዝ ሊቅ ናቸው፤ በ1919 ሮም ብፁዕ ብላቸዋለች። ታሪካቸውን ከእሷ በላይ የሚተርክ አልሰማሁም። ሰንሰለቱ ላይ ስትደርስ ድምጿ ይለወጣል። እኛ ልጆቹ ራታችንን ትተን እንሰማት ነበር።

ጥር 11 ቀን 2007፣ በጥምቀት ዕለት፣ ፖፕ ፍራንሲስ የባሕር ዳር–ደሴን ሀገረ ስብከት ማቋቋማቸው ሲነገር የሆነችውን ማየት ነበረባችሁ። ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች፣ እልል አለች፣ ከዚያ ተቀምጣ አለቀሰች። «ደሴ ስሟ ተመለሰላት» አለች። እንግዲህ ከስልሳ ዓመት በላይ የቆየ ነገር ነበር በልቧ የያዘችው።

ስለ ሥራዋ ብዙ አልልም። ጥጥ ፈትላለች፣ ዳቦ ጋግራ ሰኞ ገበያ ሸጣለች፣ ልጆች አሳድጋለች። በ1966ቱ ረሃብ ሰው ከየገጠሩ ወደ ደሴ ሲጎርፍ ከቤተክርስቲያናችን ሲስተሮች ጋር አጥሚት ስታማስል እንደከረመች ያወሩልን ሌሎች ናቸው። እሷ አንስታው አታውቅም።

የማልዘለው መቁጠሪያዋን ነው። ከእንጨት የተሠራ ነው፤ በእጇ ወዝ ጠቁሯል። አንዲት ፍሬ ብቻ ቢጫ ናት። ከዓመታት በፊት ክሩ ተበጥሶ አንድ ፍሬ ጠፋባት። ቤቱን ሙሉ ፈለግን፣ አጣነው። ይህን የሰማችው ጎረቤታችን እትዬ ዘጠና ዘጠኝ ፍሬ ያለውን የራሷን የሙስሊም መቁጠሪያ፣ ተስቢህ፣ ፈትታ አንዲት ፍሬ አወጣችላት። «ያንቺስ አይጎድልም ወይ?» ስትላት «ዘጠና ስምንቱን በእጄ፣ አንዷን በልቤ እቆጥራለሁ» አለቻት። ያንን ቀን እኔም ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ እታለም ማታ ማታ ስትጸልይ ቢጫዋ ፍሬ ላይ ስትደርስ ቆም ትላለች። የእትዬን ልጆች አንድ በአንድ በስማቸው የምትጠራው እዚያ ላይ ነው። አረብ አገር ያለችውን፣ ሹፌሩን፣ ማትሪክ ያለፈለትን፣ ያላለፈለትንም።

እትዬ፣ አንቺን በምን ቃል እንደማመሰግን አላውቅም። በ2014 ጦርነቱ ከተማችን ደርሶ ሰው በሌሊት ሲሸሽ እታለም «አልሄድም፣ እግሬም አይችልም» ብላ ቀረች። እናታችን ብቻ አብራት ነበረች። መብራትና ውኃ ጠፍቶ፣ ወፍጮ ቆሞ፣ አንቺ ያለሽን ዱቄት በሰፌድ ለሁለት ከፍለሽ አመጣሽ። እኛ ስልክ ተዘግቶብን በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ሳናውቅ አዲስ አበባ ቁጭ ብለን ነበር። ያንን ዱቄት አንረሳውም።

አሁን ወደ ዘንድሮው ልምጣ።

ጥር ላይ ግቢ ውስጥ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። መሽቶ ነበር። አንድ የባጃጅ ልጅ ጩኸቱን ሰምቶ ሳንጠራው ገባ። ባጃጅ ውስጥ ማጋደም እንደማይቻል ሲያይ ሮጦ ሄዶ ባለ ሚኒባስ አጎቱን ከእንቅልፉ ቀስቅሶ አመጣው። ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ያን ሌሊት ጉም ሸፍኖት ነበር። መንገዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከፊት ለፊት የሚመጣው የጭነት መኪና መብራቱ እንኳ አጠገባችሁ ሲደርስ ነው የሚታየው። ሹፌሩ በየመታጠፊያው «አብሽሪ እማማ፣ ደርሰናል» እያለ፣ እንዳይነቀንቃት በዝግታ እየነዳ ደሴ አደረሰን። ሂሳብ ስንጠይቀው ተቆጣ። ወንድሜ፣ ስምህን እንኳ የነገርከን በስንት ልመና ነው። እዚህ እንዳልጽፈው ስላስማልከኝ አልጽፈውም። ክፉ አይንካህ።

ሐኪም ቤት የነበራችሁ ነርሶች፣ በተለይ የሌሊት ተረኛዋ ልጅ፣ ጀርባዋ እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ስታገላብጫት አይተናል። ማንም አላዘዘሽም፣ ማንም አልተቆጣጠረሽም። ከጎኗ አልጋ ላይ አባታቸውን ያስታምሙ የነበሩት የወረኢሉ ሰዎችም የያዙትን ቆሎና ሻይ ሳያካፍሉን አንድ ቀን አላደሩም። አባታችሁን እግዚአብሔር ይማርላችሁ።

ሐኪሞቹ ቀዶ ጥገናውን በዚህ ዕድሜ አትችለውም አሉ። «እንግዲያው ቤቴ ውሰዱኝ» አለች። ኮምቦልቻ መለስናት። አባም መጥተው አናዘዟት፣ ቅብዓ ቅዱስ ቀቧት፣ አቆረቧት። ዐቢይ ጾም ሲገባ ፍኖተ መስቀል ዓርብ ዓርብ አልጋዋ ድረስ መጥታችሁ የጸለያችሁላት የቤተክርስቲያናችን እናቶች፣ እንዴት እንደምትጠብቃችሁ ብታዩ! ከጠዋት ጀምሮ «መጡ እንዴ?» ትላለች።

መቀበር የፈለገችው ደሴ፣ ከባሏ ጎን ነው። የደሴ ብርድ ጉልበቷን ስለጎዳው ወደ ኮምቦልቻ ካወረድናት ዓመታት አልፈዋል። ደሴ ያለውን የሰኞ ገበያ ቅሬዋን፣ ዕድሯን ማለቴ ነው፣ ግን አልተወችም፤ መዋጮዋን ወር በወር ትልክ ነበር። እኛ «አሁንማ የኮምቦልቻው ይበቃሻል» ስንላት አትሰማንም። የሞተች ዕለት ለምን እንደሆነ ገባን። የኮምቦልቻ ቅሬያችን ሬሳውን ይዞ ሐረጎን ሲወጣ የሰኞ ገበያ ቅሬ ድንኳኑን ተክሎ፣ ወንበሩን ደርድሮ፣ ጉድጓዱን አስቆፍሮ ጨርሷል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «የኛ ሰው ናት፣ እኛ ነን ባለቀብር» አሉን።

ፍትሐቱ በግዕዝ ነበር። አብረውን የቆሙት ኦርቶዶክሳውያን ጎረቤቶቿ ጸሎቱን እየተቀበሉ አብረው ሲያዜሙ ሰማሁ። ከቤተክርስቲያኑ በር እስከ መቃብሩ ሳጥኑን ከተሸከሙት መካከል ሙስሊም ወጣቶች ነበሩ። ረመዳን ነው፣ ፀሐዩ ከባድ ነው፣ ውኃ በአፋቸው አልዞረም። ተቀባበሉን ስንላቸው «ግድ የለም» እያሉ ትከሻ እንኳ ሳይቀይሩ አደረሷት። አንድ ሼህ አባታችን ደግሞ ለቅሶው ላይ ዱዓ አደረጉላት፤ እኛም አሚን አልን። እሷ ብትሰማ ደስ እንደሚላት አውቃለሁ።

ወጥ ቤት የነበራችሁ ሴቶች ግን ከሁሉም በላይ ናችሁ። ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን አብረው ነው የዋሉት። ግማሾቻችሁ በረመዳን፣ ግማሾቻችሁ በሁዳዴ፣ በባዶ ሆድ ሦስት ቀን ሙሉ ለሰው ሽሮና ምስር ሠራችሁ። ጨው የሚቀምስ አልተገኘም። የእህቴን ትንሽ ልጅ ጠርታችሁ በማንኪያ ስታስቀምሷት፣ እሷም በቁም ነገር «ትንሽ ይጨመር» ስትል፣ እናታችን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየኋት። እታለም ከሞተች ወዲህ ያ የመጀመሪያ ሳቋ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልን። አላህ ይስጥልን።

ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለ። በማግስቱ ፖፕ ፍራንሲስ አረፉ። አርባዋ የደረሰው በዚያው ሰሞን ስለነበር በቅዳሴው ላይ አባ የሁለቱንም ስም ጠሩ። ለደሴ ስሟን የመለሱላት እሳቸው አይደሉ? እታለም በአንድ ቅዳሴ ከእሳቸው ጋር ተጠራች። ለአባ፣ ለሲስተሮቹ፣ ለመዘምራኑ ምስጋናችን ትልቅ ነው። ለተዝካሩ የሙስሊሙን ከብት ለብቻ በራሳችሁ እጅ አርዳችሁ፣ ለብቻ ቀቅላችሁ፣ ማንም ሳይቸገር ሁሉም በልቶ እንዲሄድ ያደረጋችሁ የሰፈር ልጆች፣ እናንተ ባትኖሩ እኛ ምኑንም አናውቀውም ነበር።

ስማችሁን ያልጠራሁት አትቀየሙኝ። እታለም ግን ጠርታችኋለች። የመጨረሻዋ ሳምንት ላይ እጇ ስለዛለ መቁጠሪያውን የምይዝላት እኔ ነበርኩ፤ ስም ስትጠራ ሰምቻለሁ። የባጃጁን ልጅ ስሙን ስላላወቀችው «ያ ሳልጠራው የመጣው» እያለች ነበር የምትጸልይለት።

በመጨረሻ አንድ ነገር አለ። ከለቅሶው የተረፉ ትሪዎች፣ ሁለት ትልልቅ ብረት ድስት፣ ብዙ ሰፌድና አንድ ቀይ ምንጣፍ ቤታችን ናቸው። ድስቶቹ ክዳናቸው ላይ በቀለም ምልክት አለ፤ ከደሴ የመጡ ይመስለናል። የእናንተ ከሆኑ ደውሉልን፣ ያላችሁበት ድረስ እናመጣለን።

የእታለም ልጆች፣ የልጅ ልጆችና መላው ቤተሰብ
ኮምቦልቻ፣ ግንቦት 2017