ጀርባሽን ለባሕሩ አትስጪ

ጎንደር፣ መስከረም 14 ቀን

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ እናትሽም ክረምቱ ሲወጣ የጉልበቷ ሕመም ቀለል ብሎላታል። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተነሣሁት ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ የአክስትሽ ልጅ በስልኩ ያሳየን ፎቶግራፍ እንቅልፍ ስለነሣኝ ነው። በደቡብ አፍሪካዋ ሄርማነስ ከተማ፣ በባሕሩ ዳርቻ፣ ጥቁር አለት ላይ ቆመሽ ትስቂያለሽ፤ ከኋላሽ ነጭ አረፋ ከትከሻሽ በላይ ተነሥቷል፤ አንቺ ግን ፊትሽን ለካሜራው፣ ጀርባሽን ለባሕሩ ሰጥተሻል። እናትሽ «እንዴት አምሮባታል» ስትል እኔ የማየው ጫማሽ ሥር ያለውን እርጥብ ድንጋይ ነበር። ድንጋዩ እርጥብ ከሆነ ውሃው እዚያ ድረስ መጥቶ ተመልሷል ማለት ነው፤ መጥቶ የተመለሰ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ጀርባሽን ለባሕሩ አትስጪ።

ሥራሽን እንደማከብር ታውቂያለሽ። በጣና ዓሣ የጀመርሽው ትምህርት ኬፕታውን ድረስ አድርሶሽ፣ በየቅዳሜው 120 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘሽ ዓሣ አንበሪ ስትቆጥሪ መዋልሽን ለጎረቤት ሁሉ ያወራሁት እኔው ነኝ። የላክሽልኝንም ጽሑፍ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ራይት ዌል የሚባለው ዓሣ አንበሪ ከሰኔ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ከደቡቡ ቀዝቃዛ ውቅያኖስ ተነሥቶ ወደዚያ ባሕረ ሰላጤ የሚመጣው ለመውለድና ለማጥባት መሆኑን፣ ዝግተኛ በመሆኑና ሲገደል ስለሚንሳፈፍ አዳኞች በ1935 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ጥበቃ እስኪደረግለት ድረስ ሊያጠፉት ጥቂት እንደቀራቸው፣ ራሱ ላይ ያለው ሻካራ የቆዳ ጉጥም እንደ ሰው የጣት አሻራ አንዱን ከሌላው እንደሚለይ ከዚያ ተረድቻለሁ። ከሁሉ ይልቅ ደስ ያሰኘኝ ግን ከተማይቱ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓሣ አንበሪ ሲታይ ኬልፕ ከሚሉት የባሕር አረም የተሠራ መለከት የሚነፋ ሰው መመደቧ ነው። በእኛ አገር ነጋሪት የሚጎሰመው ለዘመቻና ለአዋጅ ነበር፤ እናት ከነልጇ መጣች ብሎ መለከት የሚነፋ ሰው መኖሩን ሳነብ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

እናትሽ የዮናስን ነገር እያነሣች ትጨነቃለች። እኔ ዓሣ አንበሪውን አልፈራውም፤ ያ ሁሉ ግዙፍ አካል የሚኖረው ከውሃ ውስጥ አጥልሎ በሚመገባቸው ጥቃቅን ፍጥረታት መሆኑን ራስሽ አስተምረሽኛል። የምፈራው ውሃውን ነው። የዚያ አገር ማዕበል እጅግ ሩቅ ከሆነ አውሎ ነፋስ ሊነሣ ስለሚችል ሰማዩ ጠርቶ፣ ነፋሱም ቆሞ ሳለ ከሌሎቹ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ሞገድ በድንገት ይመጣል። እርሱን የሚያየው ፊቱን ወደ ባሕሩ ያዞረ ሰው ብቻ ነው።

በጾሙ ወራት በጻፍሽልኝ ደብዳቤ፣ በየብስ ካሉት እንስሳት ሁሉ ለዓሣ አንበሪና ለዶልፊን የቅርብ ዘመዳቸው ጉማሬ መሆኑን ነግረሽኝ ነበር። ስለምን መልስ እንዳላገኘሽ አሁን እነግርሻለሁ። ወረቀቱን አስቀምጬ ወደ ጓሮ ወጣሁ፤ እስኪመሽም አልተመለስኩም።

በጣና ዳር፣ ጎርጎራ ላይ የሆነው ነገር በቤታችን እንደማይነሣ ታውቂያለሽ፤ አንቺ የምታውቂው የአያትሽን ለቅሶ ብቻ ነው። እኔ 17፣ አጎትሽ 13 ዓመታችን ነበር። ባለታንኳው እኔን ከኋላ አስቀምጦ፣ «አንተ ውሃውን ጠብቅ፤ ጉማሬውን አትፈልግ፣ ትንፋሹን ፈልግ፤ ካየህ ንገረኝ» አለኝ። እርሱ እንዳለኝ አደረግሁ፤ ጠዋቱን ሙሉ ሁለት ጊዜ አይቼ ሁለት ጊዜም ተናግሬ ከመንገዳቸው ዞር ብለንላቸው ነበር። ኋላ አጎትሽ ከፊት ሆኖ የያዛትን ዓሣ በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ «አያ፣ አያ፣ እያት!» ብሎ ጠራኝ። ዞርኩ። ዓሣዋ ገና ትወራጭ ነበር፤ ጅራቷ የፀሐይ ብርሃን ይዞ ነበር። ከጀርባዬ እንደ ወናፍ ያለ ትንፋሽ ሰማሁ፤ ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የውሃውን ቅዝቃዜ ነው። ታንኳው የተሠራበት ደንገል አይሰጥምና እኔ የተገለበጠውን ታንኳ ጫፍ ይዤ ቀረሁ፤ አጎትሽ ዋና አያውቅም ነበር። አያትሽ እስክታርፍ ድረስ ውሃውን እንድጠብቅ የታዘዝኩት እኔ እንደነበርኩ አልነገርኳትም።

ስለዚህም አንቺን በደልኩሽ። ጥምቀት ዕለት ፋሲል መዋኛ ልጆች እየዘለሉ ሲገቡ አይተሽ «አባዬ፣ ዋና አስተምረኝ» ባልሽኝ ጊዜ፣ እጅሽን ጨምድጄ እያለቀስሽ ወደ ቤት መለስኩሽ። ከውሃ ያራቅኩሽ መስሎኝ ነበር፤ ያደረግሁት ግን ዋና ሳታውቂ ወደ ውቅያኖስ ዳር እንድትሄጂ ነው። ይህን በቃል ልነግርሽ ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ይቅር በዪኝ። በዚሁ ሳምንት ገንዳ ፈልገሽ፣ አስተማሪ ይዘሽ ዋና ጀምሪ፤ መጀመርሽንም ለእናትሽ ደውለሽ ንገሪያት።

አሁን የምልሽን በሥርዓት አድምጪ። ወደ አለቱ አትውረጂ፤ ቁጠራሽን ከገደሉ አናት ካለው የእግር መንገድ ላይ ሆነሽ አድርጊ፤ ከፍ ያለ ቦታ ለማየትም ይሻላል። ነፋስ ተነሥቶ ባሕሩን በነጭ አረፋ ሳይሞላው በጠዋት ድረሺ፤ ፀሐይዋን ለጀርባሽ፣ ባሕሩን ለፊትሽ አድርጊ። መጀመሪያ በዓይንሽ ብቻ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብለሽ ቃኚ፤ አቅርቦ ማሳያውን የምታነሺው አንድ ነገር ካየሽ በኋላ ይሁን። ባለታንኳው እንዳለኝ ትንፋሹን ፈልጊ፤ ራይት ዌል ሲተነፍስ ሁለት ቅርንጫፍ አውጥቶ እንደ መንሽ እንደሚከፈት፣ የጀርባ ክንፍ እንደሌለውም የጻፍሽልኝ አንቺው ነሽ። ነጫጭ ወፎች ከላይ እየተወረወሩ ሲጠልቁ ብታዪ ከሥራቸው ዶልፊን ይኖር ይሆናል፤ ዶልፊኖቹ ሞገዱ ላይ እየተንሸራተቱ ወደ ዳር ቢቀርቡም ላግኛቸው ብለሽ አትውረጂ። በጀልባ ብትሄጂ ደግሞ ፈቃድ ካለው ጋር ብቻ ይሁን፤ ፈቃድ የሌለው 300 ሜትር መራቅ እንዳለበት ሕጋቸው ያዛል፤ የምታጠባ እናት ደግሞ መታወክ የለባትም። ስልክሽን ስታነሺም፣ ጓደኛሽ ስትጠራሽም፣ ስትስቂም ጀርባሽን ለባሕሩ አትስጪ።

እናትሽ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታልሻለች፤ በጥቅምት በሚመጣው ሰው እንልካለን። ጫማሽ በፎቶግራፉ ላይ ሶሉ ያለቀ ይመስላል፤ ቀይሪው።

አንድ ፎቶግራፍ ላኪልኝ። ከገደሉ አናት ቆመሽ፣ ጓደኛሽ ከኋላሽ ሆና ታንሣሽ። ነጠላሽንና ሹሩባሽን አይቼ አውቅሻለሁ፤ ፊትሽን ለባሕሩ ተዪው።

አባትሽ